የሟቹን አባቶች ስንቆጥር

ታላቅ ወንድሜ ያንን ወረቀት በመስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ቀን ጣጣ እንደሚያመጣብን አውቄ ነበር። ነቢይ ሆኜ አይደለም። እኔ ሁሉን ነገር የምፈራ ሴት ነኝ። መኪና እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ፣ ልጄ ከሥራ አምስት ደቂቃ ከዘገየች በር ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ሁሉን የሚፈራ ሰው ደግሞ አልፎ አልፎ ልክ ይሆናል።

ወረቀቱ የዘር ሐረጋችን ነው። በታይፕ አስመትቶታል። አያታችን፣ የአያታችን አባት፣ የአባታቸው አባት እያለ እስከ ሰባት ይወጣል፤ ከነአገራቸው፣ ከነደብራቸው። ከግርጌው ራሱ በቀይ እስክሪብቶ «የባላባት ዘር» ብሎ ጨምሮበታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር መስታወቱን በእጅጌው ይወለውልና ያነበንባል። አያታችን ከሰሜን ከጦሩ ጋር የመጡት ጠመንጃ አንግበው ነው፤ አባታቸው ሰፊ ርስት ነበራቸው፤ በረታቸው አሥራ ሁለት በቅሎ ይታሰርበት ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ በቅሎዎቹ አራት ነበሩ። በቅሎ እንደማትወልድ እያወቀ በየፋሲካው ያረባቸዋል።

«ያላየኸውን አታውራ» ስለው፣

«አንቺ ደግሞ ዘርሽንም ትፈሪያለሽ?» ይለኛል።

አዎ እፈራለሁ። ያልተነካ ነገር ባይነካ ይሻላል እላለሁ። ማን ሰምቶኝ!

ነገሩ የሆነው በሚሊኒየሙ ዓመት ነው፤ አገሩ ሁሉ ሁለት ሺህ፣ ሁለት ሺህ በሚልበት ጊዜ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከቀብሪበያ አለፍ ብሎ፣ በደገሀቡር መንገድ ላይ፣ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ ረግጬው አላውቅም። ጅጅጋ ገበያ በርበሬና ሽሮ እየሸጥኩ አሳደግኳት፤ ተማረች፣ ክሊኒክ ተቀጠረች፣ አንድ የውሃ ቴክኒሺያን ወደደች። ልጁ ጨዋ ነው። አባቱ በደርግ ጊዜ ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የምፈራው ነገር ፈለግኩ፤ ፈልጌ አጣሁ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ የነፍስ አባታችን ናቸው። ሻይ ከቀረበ፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ናችሁ ከተባለ በኋላ ቄሱ «እንግዲህ ይቆጠር» አሉ። ሥርዓታችን ነው። ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሰባት በታች ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻ የለም። እኛ ከተማ ግን ለወጉ ያህል ነው የቀረው። ከወታደር ልጅና ከሰፋሪ ልጅ ማን ሰባት ይቆጥራል? አንዱ ሦስት ላይ ያልቅበታል፤ ሌላው አራት ላይ የአያቱን የጦር አለቃ ስም ሰክቶ ያልፋል። ቄሱም አይተው እንዳላዩ «ይበቃል፣ እግዜር ያውቃል» ይላሉ። እኔም ሦስት ቆጥሬ «ከዚያ ወዲያ አናውቅም አባ» ለማለት አፌን አሟሽቼ ተቀምጫለሁ።

ወንድሜ መስታወቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ።

«ምን ይሁን ብለህ አመጣኸው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለዛሬ ያልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?»

ቆሞ አነበበው። እስከ ሰባት። ደብሩንም፣ ወንዙንም። ሽማግሌዎቹ ተገረሙ፤ አንደኛው እያንዳንዱን ስም በማስታወሻ ደብተሩ ገለበጠ። ወንድሜ አሥራ ሁለቱን በቅሎ ሳይተው ጨረሰና ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። ጠቀሰኝ እኮ!

በማግስቱ ረፋድ ላይ በርበሬ እየሰፈርኩ ሳለ የልጁ አባት እየሮጡ መጡ። ጡረተኛ አስተማሪ ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኮታቸው በአንድ ትከሻ ተንጠልጥሏል። ልጄ ሞተች ብዬ መስፈሪያውን ለቀቅኩት።

«እህቴ!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ! እህቴ!»

ከዚያ በርበሬው ያዛቸው። ያለቅሳሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ እህቴ ይላሉ፣ ያስነጥሳሉ። ገበያው ሁሉ ከበበን።

ሲረጋጉ ነገሩኝ። አያታቸው አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በወጣትነቱ ከጦሩ ጋር ወደ ኦጋዴን ዘመተ፤ አልተመለሰም። እናቲቱ እስኪሞቱ ድረስ በየበዓሉ የሱን ድርሻ ሳያስቀምጡ አልበሉም። እኚህ ሰውዬ በዚያ ወሬ ነው ያደጉት፤ አስተማሪ ሆነው ምድብ ሲመርጡ ሰው የሚሸሸውን ጅጅጋን የመረጡት የጠፋውን ሰው ሊፈልጉ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ጠየቁ፤ የሚያውቅ አጡ። የት ያገኛሉ? እሳቸው ሲመጡ እኛ ከሶማሊያው ጦርነት ስደት ገና መመለሳችን ነበር። አባቴ በጦርነቱ ሞቷል፤ አያቴም በስደት ሐረር ሞተው እዚያው ተቀብረዋል። ስማቸውም በየቤቱ ያለ ስም ነው። አሁን ግን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ከነደብሩ፣ በመስታወት ተከድኖ ቀረበላቸው።

«አገር ቤት ደውዬ ነገርኳቸው» አሉኝ። «እልል ብለዋል!»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንግዲህ ልጆቹ... በአራት ቤት ይገናኛሉ። ወንድምና እህት ናቸው።»

ይህን ሲሉ እንኳ ደስታው ከፊታቸው አልጠፋም። ያናደደኝ እሱ ነው። ሰውዬው የሞተ ዘመድ አግኝተው የቆመች ልጄን ይረሳሉ።

ወንድሜ ዘንድ ስሄድ ደግሞ ሌላ ጉድ። «ባላባትነታችን በምስክር ተረጋገጠ!» ብሎ ሊያቅፈኝ ይመጣል።

«ሰርጉስ?» አልኩት።

«ባል ይጠፋል? ዘር ነው የማይገኘው።»

ልጄ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ማታ ራት ላይ ቁራሿን ሳታነሳ «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች ሲኖሩ ሳይገናኙ ከሞቱ በኋላ በኔ ላይ ነው የሚገናኙት?» አለችኝ። ቀጥላም «እኛ ተነጋግረናል። ካልሆነ ማንም የማያውቀን ከተማ ሄደን ማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን» አለች። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር ፈራሁ። ሄዳ እንዳላጣት ፈራሁ፤ ሄዳ ደግሞ ከዘመዷ ወልዳ እግዜር ልጇን እንዳይቀጣብኝ ፈራሁ። አንዱን ፍርሃት ስገፋው በሌላው ላይ ያወጣኛል።

ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ፣ በአራት ቤት አላጋባም» አሉኝ። «ወይ ቆጠራው ስህተት መሆኑን የሚያውቅ ምስክር አምጪ፣ ወይ ልጆቹ ይለያዩ።»

«የክርስትናው መዝገብ አይረዳም አባ?»

«የጥንቱ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል። ያንቺ ቤት ግን በመስታወት አስቀምጧል» አሉና ሳቅ አሉ። እኔን አላሳቀኝም።

እንግዲህ እኔ፣ ከአራተኛ ክፍል በጦርነቱ ምክንያት የቀረሁ ሴት፣ የዘር መርማሪ ሆንኩ። ወንድሜ የአባቶቻችንን ስም ለመደርደር ዓመታት ፈጀ፤ እኔ ለመበተን ተነሳሁ። እና ማሰብ ጀመርኩ። አያቴን አስታወስኩ። በልጅነቴ ሰው ሲሰበሰብ አባቴ የአባቶቻቸውን ስም እየጠራ ሲፎክር፣ አያቴ ቀስ ብለው ተነስተው ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር። እኛ ትሕትና ይመስለን ነበር። ደግሞም ገበያ ሲሄዱ ሸማ ካዩ አያልፉም፤ ጫፉን ይዘው ክሩን በሁለት ጣታቸው ያሹታል፣ ወደ ብርሃን ያነሱታል፣ «ይሄ ልቃቂቱ ሰነፍ ነው» ይላሉ። የባላባት ልጅ ስለ ክር ምን አገባው?

ሌላም ነገር ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ሻይ ቅጠልና ስኳር ቋጥረው ወደ ቀብሪበያ በኩል ይሄዳሉ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያሉ። አንዳንዴም ከዚያ አንድ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሱማሌ ሽማግሌ ግመል እየጎተቱ፣ ወተትና ቅቤ ጭነው ይመጡልን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አልመጡም።

ይህን ለጎረቤቴ ነገርኳት። ጎረቤቴ ሱማሌ ናት፤ ከቶጎጫሌ ሻርፕ እያመጣች ከኔ መደብ አጠገብ ትሸጣለች። አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል።

«አባዮ፣ ቆይ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «አያትሽ ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው? ፍየል ነው?»

«አባቶቻቸው ናቸው ያልታወቁት።»

«ስንት ነው የተጠየቅሽው?»

«ሰባት።»

«ሰባት! ሰባት እኛ ጋ ጡት ያልጣለ ልጅ ይቆጥራል» አለችና ሻርፖቿን እያጠፈች የራሷን ጀመረች። በአንድ ሻርፕ አንድ አባት። አሥራ አንደኛው ላይ ገዢ መጣች። ተከራከረች፣ ሸጠች፣ ተመልሳ ከአሥራ ሁለተኛው ቀጠለች። ሃያ ሦስት ላይ እጇ ባዶ ሆነ። «አባቶቹ አላለቁም፤ ሻርፑ ነው ያለቀው» አለች።

«ተሳለቂብኝ እንግዲህ።»

«አልተሳለቅኩም። ያ ሽማግሌ ጎሳው ምንድን ነው?»

«እንጃ።»

«ስሙስ?»

«አባባ ነበር የምንለው።»

«ወላሂ አንቺን የወለደ ታግሷል። ግመሉስ? ግመሉ ላይ የተተኮሰ ምልክት አልነበረም?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጅ ሆኜ ያንን ግመል ስፈራው ነበር፤ የፈራሁትን ነገር ደግሞ አልረሳም። አፉ አረፋ ነበረው። አንገቱ ላይ ክብ ጠባሳ፣ ከክቡ ሥር ሁለት ጭረት ነበረው። በጣቴ እሰፍር የነበረው በርበሬ ላይ ሣልኩላት።

ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ጭኗን መታች። «ይሄን እኔ አውቀዋለሁ! ቀብሪበያ ዳር የሰፈሩት ናቸው፤ ሁሉም ይሄን ነው የሚተኩሱት። አየሽ? የራስሽን አያት አታውቂም፣ የሰው ግመል ታውቂያለሽ!»

በሁለተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፈርን። ያንን መንገድ። ክንዷን ጨምድጄ ይዤ ዓይኔን አልገለጥኩም። «ክንዴን መልሺልኝ፣ የምሠራበት ነው» ትለኛለች። ቀብሪበያ ደርሰን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በእሾህ የታጠረ ግቢ አሳዩን። ቀይ ጢሙ ሽማግሌ ሞተዋል፤ ልጃቸው ግን አሉ። እሳቸውም አርጅተው ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ጢማቸው ግን እንደ አባታቸው ቀይ ነው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ በወተት እየጠጡ ሳለ ደረስን። ጎረቤቴ «አደር» ብላ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ እጃቸውን ሳመችና አቀረበችኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ በአማርኛ። አማርኛቸው የድሮ ነው፤ ልክ የአያቴ።

የአያቴን ስም ነገርኳቸው።

«ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ፤ ከወንድሜ መስታወት ያጠናሁትን። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ተዪው። ይሄ የሟቹ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ፤ አማርኛው ያጠራቸው ቦታ ላይ ጎረቤቴ እየተቀበለቻቸው። ያንን ስም የያዘው ወታደር፣ የባላባቱ ልጅ፣ ወደ ኦጋዴን ሲወርድ መንገድ ላይ በወባ ሞተ። አያቴ የሱ ስንቅ ተሸካሚ ነበሩ። የሸማኔ ልጅ ናቸው። አለቃው ጠመንጃው ያለ ሰው እንዳይቀር፣ መዝገቡም እንዳይበላሽ ብሎ «በሱ ቦታ ግባ፤ ስሙንም ያዝ» አላቸው። ያዙት። ጠመንጃውን ይዘው፣ ስሙን ይዘው፣ ከስሙ ጋር የመጡትን አባቶች ሁሉ ተሸክመው ጅጅጋ ኖሩ። ማን ይጠይቃል? ሸማኔነታቸውን ለማንም አልነገሩም፤ በአገራቸው ሸማኔ እንዴት እንደሚናቅ ያውቁታል።

«ታዲያ ለናንተ ለምን ነገሯችሁ?» አልኩ።

«ጣሊያን ሲገባ ጦሩ ተበተነ። አያትሽ እግሩ ቆስሎ እኛ ቤት መጣ። አባቴ፣ ለማላውቀው ሰው ጥላ አልሰጥም፣ አባቶችህን ቁጠር አለው። የሟቹን ቆጠረ። አባቴ ወተት ሰጠው። በሦስተኛው ቀን ወተቱን መለሰው። በሰው አባት ስም የሰው ወተት አልጠጣም ብሎ የራሱን ቆጠረ። እኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ፣ ይሄ ሰው እኛ ጋ ቢሞት የማን እንደሆነ ማወቅ አለብን፣ ያዘው አለኝ። ያዝኩት።»

እና ቆጠሩልኝ። የማላውቀው ስም ጠሩ፤ የአያቴ ስም ነው። ከዚያ አባታቸውን፣ ከዚያ የአባታቸውን አባት። ዓይናቸው ወደ ሰማይ፣ ጣታቸው መቁጠሪያቸው ላይ። ስድስት ላይ ቆሙ።

«ሰባተኛውስ?» አልኩ። ቄሱ ሰባት ነው ያሉት! ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቼ ስድስት?

«ሰባተኛውን እሱም አያውቀውም። ስለማያውቀው አልዋሸም።»

ለመነሳት ስንል ደግሞ «መቃብሩን አየሽው?» አሉኝ። የሟቹን ማለታቸው ነው። አያቴ በየዓመቱ የሚመጡት ለካ ለጉብኝት ብቻ አልነበረም። ሟቹ የተቀበረው ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ከደገሀቡር መንገድ ገባ ብሎ ካለ ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ነው። «አያትሽ ብቻውን ቆፍሮ ብቻውን ቀበረው። መግነዣ አልነበረም። የነበረውን አንድ ጋቢ፣ ራሱ ሸምኖ የለበሰውን፣ አልብሶት ቀበረው። እኛ ዘንድ ሲመጣም ገና ቆዳ ነበር የለበሰ።»

በመልሱ መንገድ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ መፍራት እንኳ ረሳሁ። መታወቂያዬን አውጥቼ አየሁት። በሦስተኛ ስም የምጠራው በማላውቀው፣ ውሃ ዳር በተቀበረ ልጅ ነው።

ወንድሜ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ሸማኔ?»

«ሸማኔ።»

«እኔ የሸማኔ ዘር?»

«ዕድሜህን ሙሉ ጋቢ ለብሰሃል፤ ማን የሠራው መስሎህ ነበር? በቅሎዎቹ?»

ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ የምናውቀው አንቺ፣ እኔና ጎረቤትሽ ብቻ ነን። አንድ ዕውር ሽማግሌ ማን ይሰማዋል? ዝም በይ። ልጅቷ ሌላ ታገባለች። ይሄ ከወጣ ግን ማንም አያገባትም፤ የሸማኔ ልጅ ይሏታል፣ ቡዳ ይሏታል።»

መቼም ሰውን ማስፈራራት ለሚያውቅ እኔ ቀላል ነኝ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በርበሬ እሰፍራለሁ፣ እሳሳታለሁ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ስገባ ልጄ ሻንጣዋን አልጋ ላይ ከፍታ ልብስ ታጥፋለች። ነጠላዬን እንደለበስኩ ተመልሼ ወጣሁና በቀጥታ የልጁ አባት ቤት ሄድኩ።

ሰውዬው በግ ገዝተው በር ላይ አስረዋል። ለጠፋው ዘመዳቸው መገኛ ድግስ! «ግቢ እህቴ፣ ግቢ» እያሉ ወንበር ጎተቱልኝ። አገር ቤት ያሉት ዘመዶች ፎቶአችንን እንዲልኩ ጠይቀዋል። የወንድሜን መስታወትም ፎቶ ሊያስነሱት አስበዋል። ይህን ሁሉ ሲያወሩ ቃል ላስገባ አልቻልኩም። በመጨረሻ ተናደድኩ፤ ተናድጄ ባይሆን ኖሮ መናገሬንም እንጃ።

«እኔ እህትዎ አይደለሁም» አልኳቸው። «የርስዎ ሰው ሞቷል። ደገሀቡር ሳይደርስ፣ መንገድ ላይ፣ በወባ። አያቴ የሱ ስንቅ ተሸካሚ ናቸው፣ የሸማኔ ልጅ። ስሙን ይዘው ኖሩ። ይኸው ነው። ልጆቹ ዘመድ አይደሉም። ከሸማኔ አልጋባም ካሉ ይበሉ፤ ሞተብኝ ብለው ከተጣሉኝም ይጣሉኝ።»

በጉ ጮኸ። ሰውዬው እንደ ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ስለ ሸማኔው ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«በምን ገነዙት?» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«ያ ልጅ። እናቱ እስክትሞት ይህን ነበር የምትለው አሉ። ሞቶም ከሆነ፣ በምን ተገንዞ ይሆን ልጄ ትል ነበር።»

ስለ ጋቢው ነገርኳቸው። አያቴ ራሳቸው የሸመኑት፣ ያላቸው አንድ ጋቢ። ከዚያ በኋላ ቆዳ እንደለበሱ።

ሰውዬው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። በርበሬ አልነበረም በዚህ ጊዜ።

በሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ሚኒባስ ሞላን። ቄሱ፣ የልጁ አባት፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቴና እኔ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ወንድሜ ብቅ አለ። ማንም አልጠራውም፤ ማንንም ሳያይ የኋላ ወንበር ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ቀብሪበያ ሽማግሌውን አሳፈርን። ባሌ የሞተበት ቦታ ስንደርስ ልጄ እጄን ያዘች፤ አለፍነው። አለፍነው እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።

መቃብሩ የድንጋይ ክምር ነው። ከግራር ሥር፣ ከጉድጓዱ ውሃ ሃምሳ እርምጃ። የሽማግሌው ቤተሰብ በየዓመቱ የወደቀውን ድንጋይ ይመልሱ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላም፣ አያቴ ከሞቱ በኋላም። የልጁ አባት ተንበረከኩ፤ ቄሱ ጸለዩ። ከዚያ ቄሱ ወደ ሽማግሌው ቀርበው «እስቲ አባቴ፣ የጋቢውን ባለቤት ይቁጠሩልኝ» አሏቸው። ቆጠሩ። ቄሱ ሌላ ወሬ አመጡ፣ ስለ ዝናብ ጠየቁ፣ ስለ ከብት ጠየቁ፤ ድንገት «አራተኛው ማን ነበር?» አሉ። ሽማግሌው ሳቁና መለሱ።

«ይበቃል» አሉ ቄሱ። «ይሄ ከመዝገብ ይሻላል። መዝገብ ይጠፋል።»

«ስድስት ነው እኮ አባ» አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ልታጋቢ ነው ወይስ ልታስቀሪ?» አሉኝ።

የልጁ አባት ከጉልበታቸው ላይ አፈር እያራገፉ ተነሱ። ወደ ልጄ ሄደው ግንባሯን ሳሙ። «ወንድማችንን ጋቢ ያለበሰ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ ናት» አሉ ለሁላችንም። «እኛ ምን ልናለብሳት ነው?» ለኔ ደግሞ «እህቴ ማለቴን ግን አልተውም፤ ለምጄዋለሁ» አሉ። ይሁን። ምን ላድርግ?

ሽማግሌው በዚህ መሐል የወንድሜን ሳል ሰምተው «ያ ማን ነው? ይቁጠር!» አሉ። ሁላችንም ወደ ኋላ ዞርን። ወንድሜ መሬት መሬት እያየ ጀመረ። የአያታችንን እውነተኛ ስም ጠራ። አባታቸውን ጠራ። አንድም ሳይሳሳት ስድስቱን ጨረሰ። ማን አስጠናው? ጎረቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። ለካ ሰሞኑን በየቀኑ መደቧ ላይ እየመጣ ሲያጠና ነው የከረመው፤ ለኔ አንድም ቀን ሳይነግረኝ።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ሽማግሌው መጡ፤ ሙሽራውን አጠገባቸው አስቀምጠው የሱንም አስቆጥረው ያዙ። ሻንጣዋ ተመልሶ ቁምሣጥኑ ላይ ወጣ። እኔም በዚያ ቀን ድንኳኑ እንዳይወድቅ ብቻ ነው የፈራሁት።

አመሻሹ ላይ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሳ። አዲስ መስታወት ይዟል፤ አዲስ ወረቀት፣ ስድስት ስም። አነበበው፤ ሸማኔ የምትለዋንም ቃል ሳይውጣት፣ ጮክ ብሎ አነበባት። እንባዬ መጣ። ልጠርገው ስል ግን አልጨረሰም ነበር።

«የአያታችን አባት» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ «ለቤተ መንግሥት ነበር የሚሸምኑት። ንጉሡ ራሳቸው አራት ጋቢ አሠርተዋቸዋል።»

ለጊዜው አራት ናቸው። በሚመጣው ፋሲካ ስንት እንደሚደርሱ እግዜር ይወቅ።